ወደ ውስጥ የታጠፈች ጆሮ

ጆሮዋ ቀጥ ብላ ቆማለች። ከፋቹ ሳጥኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ እንደገና አያት፤ በአውራ ጣቱም ዳሰሳት። አልታጠፈችም። ዓይኑ እንዳልዋሸው ሲገባው ክዳኑን መልሶ ገጠመና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

«ሰው በአንዲት ቁራጭ ወረቀት እንዲህ ይሆናል?» ትሉ ይሆናል። ይሆናል። ይህ ሰው ሥራው ሳጥን መክፈት ነው። አባቱ ስልክ የሚገጣጥም ድርጅት አላቸው፤ ግቢው በአንድ ወገን መስታወት በመስታወት የሆነ ቢሮ፣ በሌላው ወገን ደግሞ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ የሆነ የማሸጊያ ክፍል ነው። ድሮ ስልኩ በፕላስቲክና በስፖንጅ ታሽጎ ነበር የሚወጣው። ልጅየው ትምህርቱን ጨርሶ ሲገባ «ፕላስቲክ ይቅር» አለ። አሁን ማሸጊያው ሁሉ ከአሮጌ ጋዜጣና ከተጣለ ካርቶን ይሠራል። ወረቀቱ በውሃ ተዘፍዝፎ እንደ ሊጥ ይሆናል፣ ትኩስ ማሽን ውስጥ ተጨምቆ ቅርጽ ይይዛል፣ ይደርቃል። ስልኩ የሚተኛባትን ማቀፊያ ሠራተኞቹ «አልጋ» ይሏታል። በአልጋዋ ጫፍ ብቅ ብላ በሁለት ጣት የምትሳበዋን ቁራጭ ደግሞ «ጆሮ» ይሏታል። በአልጋ ስም በዚያ ቆርቆሮ ሥር ስንት ቀልድ እንደተቀለደ ሴቶቹ ያውቃሉ፤ እኔ እዚህ አልደግመውም።

የከፋቹ ድርሻ ከየቀኑ ሥራ አንድ ናሙና ተልኮለት፣ ልክ ገዝቶ ገና ቤቱ እንደገባ ሰው ሆኖ መክፈት ነው። ክዳኑ ሲነሳም ሲገጠምም መቸኮል የለበትም፤ አየሩን እየተነፈሰ በቀስታ መንሸራተት አለበት። ጆሮዋ ስትሳብ ጫፏ መሸራረፍ የለበትም። «ሰው ዕቃውን የሚወደው ሲከፍተው ነው» ይላል። ካልጣመው በጠመኔ ምልክት አድርጎ ይመልሳል። ሴቶቹ የእናት የአባቱን ስም ትተው «ከፋቹ» ያሉት ለዚህ ነው፤ በእርግጥ ፊቱን ሲያዞር ነው የሚሉት።

ሙጬ ከእነዚያ ሴቶች አንዷ ናት። ሥራ የጀመረችው ሙጫ ጠረጴዛ ላይ ስለነበር ስሙ እንደያዛት ቀረ። በኋላ ወደ መጭመቂያው ማሽን ተዛወረች። የእሷ አልጋ አንድም ቀን በጠመኔ ተመልሶ አያውቅም። ከፋቹ «ይህቺን የሠራት ማነው?» ብሎ ግቢውን አቋርጦ የመጣ ዕለት ነው ነገሩ የተጀመረው። በወረቀት ሊጥ የጨቀየ እጇን ከኋላዋ ደበቀች። እሱም ያየው እጇን ሳይሆን አንገቷን ስትሰብር ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ ቆርቆሮው ለመምጣት ሰበብ አጥቶ አያውቅም።

የባለቤቱ ልጅና የማሽን ሠራተኛ አብረው ቆመው ከታዩ ወሬው እስከ ምሳ ሰዓት ግቢውን ያዳርሳል። ስለዚህ ሙጬ መልሷን በጆሮ ትልክለት ጀመር። «ከሥራ በኋላ ላግኝሽ?» ብሎ በአጠገቧ ካለፈ፣ የዚያን ቀን ናሙና ሲከፍት ጆሮዋ ወደ ውስጥ ታጥፋ ካገኛት እሺ ማለት ነው። ቀጥ ካለች አይሆንም ማለት ነው። ማንም ያላወቀባቸው መስሏቸው ነበር። ፍቅር የያዘው ሰው ሌላው ሁሉ ዓይን የሌለው ይመስለዋል።

በዚያ ሐሙስ የጠየቃት ግን የመገናኘት ነገር አልነበረም።

«አባቴ ፊት ይዤሽ ልገባ ነው» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ላገባሽ እፈልጋለሁ። አሁን አትመልሺልኝ፤ ሰው አለ። ነገ በሳጥኑ ንገሪኝ። ጆሮዋ ቀጥ ካለች ሁለተኛ አላስቸግርሽም። ማሽንሽ አጠገብም አታዪኝም።»

እና ጆሮዋ ቀጥ ብላ መጣች።

ግቢውን አቋርጦ አንድ ቃል ቢጠይቃት ኖሮ ይህን ታሪክ አልጽፈውም ነበር። እሱ ግን ቃል ሰጥቷል። በሀብት ያደገ ሰው እምቢታን በጨዋ ደንብ መቀበል ይማራል፤ ዳግም መጠየቅ ግን ይከብደዋል። ከሰኞ ጀምሮ ሙጬ ከማሽኗ ላይ አልነበረችም። «ሥራ ለቃለች» አሉት። ከእኔ ለመሸሽ ነው ብሎ ወሽመጡ ቁርጥ አለ።

እሱ ያላየውን እኛ እንይ።

አርብ ጠዋት ሙጬ ከሁሉም ቀድማ ነበር የገባችው። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኗ ባይዞርም ድካም አልነበረባትም፤ ሽርጧን እያሰረች ለብቻዋ ትስቅ ነበር። ከጎኗ ባለው ማሽን የምትሠራው፣ በበሩ ጎንበስ ሳትል የማታልፈዋና ሁሉ «ረጅሟ» የሚላት ሴት ቆማ አየቻት።

«ምን አግኝተሽ ነው አንቺ?»

«ምንም።»

«ምንም እንዲህ ጥርስ የሚያስከፍት ከሆነ እኔም ልፈልገዋ።»

የማሽኑ ነገር እንዲህ ነው። ከላይ በሚወርደው ብረትና በሠራተኛዋ መካከል የሽቦ መከለያ ነበር፤ መከለያው ካልተዘጋ ብረቱ አይወርድም። ከጥቂት ሳምንት በፊት ግን የክፍሉ ፎርማን ብሎኑን ፈቶ መከለያዎቹን አነሳቸው። «ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነው» አለ። ጆሮዋ ገና ትኩስ ሳለች በእጅ ካልተቃናች ጫፏ ይሸራረፋል፤ መከለያውን እየከፈቱ እየዘጉ ደግሞ ሥራው አይገፋም፤ የአዲሱ ስልክ ምርቃትም ደርሶ ነበር። ሴቶቹ አጉረመረሙ፤ ከዚያ ለመዱት። ብረቱ ሲነሳ እጅ ማስገባት፣ ማቃናት፣ ማውጣት። ማሽኑ የራሱ ምት አለው፤ ምቱን ያልሳተ ሰው ምንም አይሆንም ተባለ።

ሙጬ የናሙናዋን አልጋ ለብቻዋ ለይታ ሠራቻት። ጆሮዋን ወደ ውስጥ አጠፈቻት። እጥፋቷ ትንሽ ጠመመችባት። ሌላ ቀን ቢሆን ትተዋት ነበር። ይህቺኛዋ ግን ዕድሜ ልካቸውን ከቤታቸው መደርደሪያ ላይ የምትቀመጥ መስሏት ቀኝ እጇን መልሳ አስገባች። ልታቃናት። ሐሳቧ ከዚያ መደርደሪያ ላይ ነበርና ምቱን ሳተችው።

ብረቱ ወረደ።

ስለ ጩኸቱ አልጽፍም። ረጅሟ ዘላ ማሽኑን ስታጠፋው ከዚያች እጅ የተረፉት አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ብቻ ነበሩ። በፎርማኑ መኪና ወደ ሐኪም ቤት ወሰዷት። ማሽኑ በጎማ ውሃ ታጠበ። ከምሳ በኋላ ሌላ ሴት ቆመችበት፣ ያለ መከለያ። ፎርማኑ ሁሉንም ሰብስቦ፦

«ጌታው የሕክምናዋን እችላለሁ ብለዋል። በራሷ ፈቃድ ሥራ ለቃለች፣ በቃ። ይቺ ነገር ከዚህ ቆርቆሮ ወጥታ ወደ ልጅየው ጆሮ የደረሰች እንደሆነ፣ ያወራው ሰው ነገ እዚህ የለም» አለ።

የናሙናው ሰዓት አልፎ ስለነበር እጁ ከደረሰበት ማሽን አንዲት አልጋ አንስቶ ሳጥን ውስጥ ከተተና ወደ ቢሮው ላከ። ቀጥ ያለች ጆሮ ምን ተሸክማ እንደምትሄድ እሱ በምን ያውቃል። ረጅሟ ደግሞ መሬቱ ሲታጠብ ከውሃ መውረጃው አፍ ላይ የተጨፈለቀችውን አልጋ አነሳችና ሽርጧ ውስጥ ሸሸገቻት። ከቆሻሻ ጋር ስትጠረግ ማየት አልቻለችም።

የሙጬ እናት የሰው ልብስ እየተኮሱ ነው ልጃቸውን ያሳደጉት። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ አንደኛው ሁልጊዜ ሞቃት፣ በሰው ሸሚዝ የተሞላ። ሙጬ ከሐኪም ቤት ከተመለሰች ወዲህ በሁለተኛው ክፍል በር በኩል መንገዱን እያየች ትውላለች። መኪና ሲያልፍ ቀና ትላለች፤ ካለፈ በኋላ አንገቷን ትደፋለች። እናትየው ከካውያው ላይ ቀና ሳይሉ ያዩዋታል።

«እሱ አይመጣም» አሏት አንድ ቀን።

«ማን እሱ?»

«ተይኝ እባክሽ። እናትሽ ነኝ። አርብ ጠዋት ከዚህ ቤት ስትወጪ ፊትሽን አይቼዋለሁ። እንደዚያ ሆኖ ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው የለም።»

«ይመጣል እማዬ።»

«ፎርማኑ እዚህ ቁጭ ብሎ ምን አለሽ? ቢሮ ያሉት በሙሉ ሰምተው አዝነዋል አላለም? በሙሉ ማለት እሱም አለበት። ሰምቶ ነው የቀረው፣ ልጄ። ሙሉ ሰው ነበር የወደደው።»

ፎርማኑ ያን ያለው ለአፉ ያህል ነበር፤ ከእናትና ልጁ ግን ማናቸውም ይህን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም።

የምርቃቱ ዕለት ጎረቤታቸው ስልኳን ይዛ እየሮጠች ገባች። «ያንቺ መሥሪያ ቤት ነው፣ ነይ እይ» ብላ ከጎኗ ተቀመጠች። በስክሪኑ ላይ ከፋቹ ነጭ ጠረጴዛ ፊት ቆሟል። ከስቷል። ሙጬ ለእኔ ብሎ ይሆን ብላ አሰበች፤ ወዲያው በራሷ አፈረች። ክዳኑን በሁለት እጁ ይዞ አነሳው፤ በቀስታ ተንሸራተተ።

«በዚህ ሳጥን ውስጥ ፕላስቲክ የለም» አለ ድምፁ። «ከአፈር የመጣ፣ ወደ አፈር የሚመለስ ወረቀት ነው። ማንንም የሚጎዳ ነገር የለበትም።»

ከዚያ ጣቱ ጆሮዋ ላይ ደረሰና ትንሽ ቆመ። ቀጥ ያለች ጆሮ ነበረች። እዚያ ላይ ለምን እንደቆመ እኛ እናውቃለን። እሷ ግን የሰማችው «ማንንም የሚጎዳ ነገር የለበትም» የሚለውን ብቻ ነው። እያወቀ ነው ያለው ብላ አመነች።

«ዝጊው» አለች ጎረቤቷን፣ በእርጋታ።

እንባዋ ያን ጊዜ አልመጣም። የመጣው ማታ ልብሷን ስትለውጥ ነው፤ እናቷ ምንም ሳይሉ የሸሚዟን ቁልፍ አንድ በአንድ ሲቆልፉላት፣ እሷም እንደ ሕፃን እጇን አንስታ ስትቆምላቸው።

ያን ምስል ያየችው ሙጬ ብቻ አልነበረችም። በማግስቱ የናሙናውን ሳጥን ወደ ቢሮው ይዛ የሄደችው ረጅሟ ራሷ ናት። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ከበሩ አጠገብ ቆመች። እንደ ወትሮው ትወጣለች ብሎ የጠበቀው ከፋቹ ቀና ብሎ አያት።

«የቀረ ነገር አለ?»

«ይክፈቱት።»

ክዳኑን አነሳው። ስልክ የለም። ያለችው አንዲት የተጨፈለቀች፣ ደርቃ የተኮማተረች አልጋ ናት። ግማሹ ቡናማ ሆኗል። ጆሮዋ ግን ደህና ናት፤ ትንሽ ጠመም ብላ ወደ ውስጥ ታጥፋለች።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የዚያ አርብ ናሙና። ለእርስዎ የተሠራችው ይቺ ናት። የዚያን ቀን የከፈቷት ከሌላ ማሽን የመጣች ነች።»

«ይህ ቀለምስ?»

«ቀለም አይደለም።»

እጁን ከሳጥኑ ላይ አነሳ። «የት ናት? ሥራ ለቃለች ብለውኛል።»

«ሥራ አይደለም የለቀቀችው። እጇን እዚህ ጥላ ነው የሄደችው» አለች ረጅሟ፤ ከዚያ ወዲያ «እርስዎ» ማለቱን ተወችው። «እሺ ብላሃለች። ምልክታችሁን ከጀመራችሁት ጊዜ አንስቶ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ያ ፎርማን ብቻ ነው የማያውቀው። እጥፋቷ ጠመመችባት፤ ላቃናለት ብላ እጇን መለሰች። እሺታዋ ላይ ነው ማሽኑ የወረደው።»

«እስከ ዛሬ የት ነበርሽ? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሦስት ልጆች አሉኝ» አለች። «ዝም ልል ነበር፤ አልዋሽህም። ትናንት ማንንም የሚጎዳ ነገር የለበትም ስትል ሰማሁህ። ልጆቼ እያዩኝ ነበር። አላስቻለኝም።»

«መከለያው የት ሄዶ ነው ብረቱ…» ብሎ ጀመረና ዓይኑ ከፊቱ ባለችው ጠረጴዛ ላይ አረፈ።

መከለያው የት እንደሄደ ያውቃል። በዚህችው ጠረጴዛ ዙሪያ ነበሩ፤ አባቱ፣ ፎርማኑና እሱ። ጫፏ የተሸራረፈ ጆሮ አንስቶ «ይህን ለሰው እጅ አልሰጥም፤ ትኩስ ሳለች በእጃቸው ለምን አያቃኗትም?» ያለው እሱ ነው። ፎርማኑ «መከለያው አያስገባም» ሲል፣ «እንግዲያው ይነሳ» ብሎ ወደ ምሳው ሄደ። ምሳው ላይ ምን እንደተጫወቱ እንኳ ትዝ አለው።

ረጅሟ የምትናገረውን ጨርሳ፣ የሙጬንም ቤት አመላክታው ወጣች። እሱ ሳጥኑን ብብቱ ሥር አድርጎ ተከትሏት ወጣ፤ መኪናውን ትቶ በእግሩ ነበር የሄደው፣ አንዴ እንኳ ቆም ሳይል።

በሩን የከፈቱለት እናትየው ናቸው። ካውያውን እንደያዙ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ዘገየህ» አሉት።

«አውቃለሁ፣ እማማ።»

«ምንም አታውቅም። ግባ።»

ሙጬ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ቀኝ እጇ በሻርፕ ተጠቅልሎ ጭኗ ላይ ነው። ስታየው ፊቷን እንደ ድንጋይ አደረገችው።

«ሰው ለመጠየቅ ይህን ያህል ሳምንት ቆይቶ ይመጣል?» አለችው።

«ዛሬ ነው የሰማሁት። ከአንድ ሰዓት በፊት።»

«ቢሮው በሙሉ አዝኗል ተብያለሁ።»

«ቢሮው አያውቅም። እኔም አላውቅም ነበር። በዚያ አርብ የመጣልኝን ሳጥን ስከፍት ጆሮዋ ቀጥ ብላ አገኘኋት። ቃል ገብቼልሽ ነበር፤ አላስቸግርሽም ብዬ። ከእኔ ሸሽተሽ የሄድሽ ነው የመሰለኝ።»

«እምቢ ያልኩህ መስሎህ ነው የቀረኸው?»

«አዎ።»

«በእጄ ምክንያት አይደለም?»

«እግዜር ይየኝ፣ አይደለም።»

ያ ድንጋይ ያደረገችው ፊት ተፈታ። ሳቅ ነው ልቅሶ ነው የማይባል ነገር መጣባት፤ እሱም አጠገቧ ተንበርክኮ ግንባሩን ጉልበቷ ላይ ደፋ። በግራ እጇ ፀጉሩን ነካችው። እናትየው በሩ ላይ ፊታቸውን ወደ ሸሚዞቹ መለሱ። ለትንሽ ጊዜ በዚያ ቤት ደስታ ነበር፤ ከነበረም ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ዝም ቢል ኖሮ ማን ይነግራት ነበር? ፎርማኑ አይናገር፣ አባቱ አይናገሩ። ከፋቹም ይህን አሰበ፤ አላሰበም ብዬ አላመሰግነውም። ከጉልበቷ ላይ ቀና ሲል ግን ዓይኗን አየው። በሰው ላይ ጥርጣሬ የሌለው ዓይን ነበር። አልቻለም።

«መከለያውን ያስነሳሁት እኔ ነኝ» አላት።

እጇ ፀጉሩ ላይ ቆመ።

«ምን አልክ?»

«ከላይ የመጣ ትእዛዝ ያሏችሁ… እኔ ነኝ። ጆሮዋ ተሸራረፈች ብዬ። ይነሳ አልኩ። ምን እንደሚያደርግ አልጠየቅኩም።»

እጇን ከፀጉሩ ላይ አነሳች። ከወዲያኛው ክፍል የካውያው እንፋሎት ይሰማል። ሙጬ እሱን ሳይሆን በክንዱ ሥር ያለውን ሳጥን ትመለከት ነበር።

«እንድታምር ብለህ?» አለች በመጨረሻ።

«እንድታምር ብዬ።»

«እኔም እንድታምር ብዬ ነው እጄን የመለስኩት።»

ብትመታው ይሻለው ነበር።

«ሌሎቹስ?» አለችው።

«እነማን?»

«ረጅሟ። በእኔ ቦታ የገባችው። አሁን፣ በዚህ ሰዓት፣ ያለ መከለያ ነው የሚሠሩት?»

አልጠየቀም ነበር። ከወንበሩ ተነስቶ በቀጥታ ወደ እሷ ነው የሮጠው። ይህ ደግሞ በሌላ ታሪክ ውስጥ ቢሆን ያስመሰግነው ነበር።

«ወደ እኔ ነው የመጣኸው መጀመሪያ?» አለችው፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «የእኔ እጅ እኮ ሄዷል። የእነሱ ገና አለ። ተነስና ሂድ።»

በቆርቆሮው ሥር ብረቶቹ ይወርዳሉ ይነሳሉ። ከፋቹ ማንንም ሳያናግር የዋናውን መብራት እጀታ ወደ ታች ሳበው። ማሽኖቹ ሁሉ ባሉበት ቀጥ አሉ። ከዚያ ቦታ የሰው ትንፋሽ ሲሰማ የመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

አባትየው ከነፎርማናቸው መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ኮታቸው ሁልጊዜ የተቆለፈ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«መከለያው ሳይገባ አይበራም፣ አባዬ።»

«ያስነሳኸው አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ። ይህን ነገ ሄጄ ለሥራ ደኅንነት መርማሪዎች እነግራለሁ። ከዚያ በኋላ የተደበቀውንም እነግራለሁ።»

አባትየው ሴቶቹን አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የደበቅኩት ለማን ብዬ ይመስልሃል? ስትሰማ እንዲህ እንደምትሆን ስለማውቅ ነው። ልጅቷን አልጣልኳትም፤ እስከ መጨረሻው አሳክማታለሁ። ከዚያ በላይ ምን ትፈልጋለህ?»

«ላገባት ጠይቄያት ነበር።»

«ልርዳት ካልክ እርዳት» አሉ ሽማግሌው። «ግን የማሽን ሠራተኛ፣ ያውም አካሏ የጎደለ፣ በምራትነት ደጄን አትረግጥም። አንተም ይህን ድርጅት መርማሪ ፊት ካቆምከው ወደ ቤቴ አትመለስም።»

ከፋቹ የቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ በአባቱ መዳፍ ላይ አኖረው። ከዚያ የጥግ መጋዘኑን ከፍቶ አቧራ የለበሱትን መከለያዎች አንድ በአንድ ተሸክሞ አወጣ። ፎርማኑ መፍቻ አልሰጠው አለ፤ ረጅሟ ሰጠችው። ብሎን አጥብቆ የማያውቅ እጁ ቶሎ ተላጠ። የረዱት ሴቶች አሉ። ቆመው ያዩትም አሉ። አንዷ ሻርፗን እየለበሰች «ነገ ሥራ አለ ወይስ የለም?» ብላ ጠየቀች።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ተመልሶ መጣ። እናትየው በዚህኛው ጊዜ ወንበር ሳቡለት። ጣቶቹ ላይ ያለውን ደም አይተው እርጥብ ጨርቅ አቀበሉት።

«ቆሟል» አለ ለሙጬ። «መከለያዎቹ ገብተዋል። ነገ ሄጄ ሁሉንም እናገራለሁ፤ የእኔንም። ከቤትም ወጥቻለሁ።»

«ሴቶቹስ?»

«አላውቅም። ምናልባት ድርጅቱ ይዘጋል።»

ራሷን ነቀነቀች። የሚያረካ ዜና አልነበረም፤ ግን እውነት ነበር።

ሳጥኑን በመካከላቸው ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አኖረውና ክዳኑን አነሳው። «አየኋት» አላት። «እሺ ብለሽኛል። ይህን ሁሉ ካወቅሽ በኋላ ግን… አሁንም እሺ ነው? አይደለም ብትዪኝ ይገባኛል።»

ሙጬ መጀመሪያ ሻርፑን ፈታችው። በጥርሷ ጫፉን ይዛ፣ በግራ እጇ ዙሩን እየፈታች፣ እሱም ሊረዳት እጁን ሲዘረጋ «ተው» ብላው። ከዚያ ያቺን እጅ ጠረጴዛው ላይ፣ ከአልጋዋ አጠገብ አስቀመጠቻት። እናቷና ሐኪሙ ካልሆኑ በቀር ያያት ሰው የለም። ከፋቹ አያት። ዓይኑን አላሸሸም።

«እወድሃለሁ» አለችው። «ይህን አልደብቅህም፤ ዛሬ በበሩ ስትገባ ነፍሴ ነው የመጣችው። ግን እሺ ያለችህ ይቺ እጅ ነበረች። እሷ ደግሞ የለችም።» ግራ እጇን አነሳችና ከጎኗ ዘረጋቻት። «ይቺኛዋ ገና ምንም አላለችም። ቁልፍ እንኳ መቆለፍ አልቻለችም፤ እናቴ ነች የምትቆልፍልኝ። እሷን መጠየቅ አሁን አይገባህም።»

«እጠብቃለሁ።»

«ጠብቅ አላልኩህም።»

«አትጠብቅ አላልሽኝም።»

ትንሽ ቆይቶ ተነሳ፤ በበሩ ላይ ለእናትየው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠና ወጣ። የሚሄድበትን እንዳልነገራቸው ያስተዋሉት ከሄደ በኋላ ነው።

ሙጬ ብቻዋን ስትቀር የአልጋዋን ጆሮ በግራ እጇ ጣቶች ያዘቻት። መልሳ ቀጥ ልታደርጋት ሞከረች። እሺ አላለቻትም፤ ትኩስ ሳለች የታጠፈች ወረቀት ከደረቀች በኋላ ብትሰበር እንጂ አትቃናም፤ ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። እንዳትሰብራት ለቀቀቻት። ከዚያ ክዳኑን አንስታ፣ በዚያች ባልለመደችው እጅ፣ ሁለቴ ስታ በሦስተኛው ሳጥኑ አፍ ላይ አሳረፈችው። አየሩን እየተነፈሰ፣ ሳይቸኩል፣ ልክ እሱ እንደሚወደው አድርጎ ወረደ። ገጥሞ እስኪያልቅ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም።